አደጋው ለምን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል? የአንጎል ኬሚካል መልእክተኞችና ስሜት ያደረበት ትዝታ

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ከእኅቴ ጋር በመኪና ስንጓዝ ከባድ ግጭት ደረሰብን። የመስታወቱ መሰንጠቅ፣ የተቃጠለው ጎማ ሽታ፣ ሳያቋርጥ ይጮኽ የነበረው ጥሩምባ ዛሬም ትናንት የሆነ ያህል ቁልጭ ብሎ ይመጣብኛል፤ የዚያ ሳምንት ሌላው ነገር ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። እኅቴ በበኩሏ ብዙውን ዝርዝር ከእኔ በተለየ መንገድ ታስታውሰዋለች። ይህን የሚያደርገው የትኛው የአንጎል ኬሚካል ነው? ከሁለታችን ትክክለኛው የማን ትዝታ ነው? በመድኃኒትስ ማጥፋት ይቻላል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሦስቱን ጥያቄዎችዎን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ የተደበቀውን አንድ ግምት ማንሣት ይኖርብኛል። በአንጎል ውስጥ የአደጋውን ትዝታ ይዞ የተቀመጠ ኬሚካል የለም። ትዝታ የሚያርፈው ሲናፕስ በሚባሉት የነርቭ ሴሎች መገናኛዎች ጥንካሬ ላይ ነው፤ በአንድ ክስተት ወቅት አብረው የሠሩ ሴሎች ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን በቀላሉ እንዲቀሰቅሰው የሚያደርግ ለውጥ በመካከላቸው ይፈጠራል። በዚህ ሥራ ግንባር ቀደሙ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ሲሆን፣ ጋባ የተባለው ደግሞ እንቅስቃሴውን ይገታል። ስሜት ሲነሣ ብቅ የሚሉት ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒንና አሴቲልኮሊን፣ በደም የሚዘዋወሩት አድሬናሊንና ኮርቲሶልም ጭምር፣ ድርሻቸው ሌላ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው አንድ ሰው፣ ማኅተም የሚመታበት ሌላ ሰው እንደሚሆን ሁሉ፣ እነዚህ ኬሚካሎች የትዝታውን ይዘት አያዘጋጁም፤ ከተመዘገበው መካከል የትኛው ጸንቶ እንደሚቆይ ግን በአብዛኛው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የአንድ ትዝታ ጥንካሬና የዚያው ትዝታ ትክክለኛነት ለምን አብረው እንደማይሄዱ የሚገባን ይህን ልዩነት ከያዝን ነው፤ የእኅትዎም ጉዳይ የሚፈታው በዚሁ ነው።

ግጭቱ በደረሰበት ቅጽበት የሆነውን እንመልከት። ድንገተኛው ድምፅና መናወጥ በሁለቱም የአንጎል ጎኖች፣ ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወደሚገኘው አሚግዳላ ወደተባለው አነስተኛ የሴሎች ስብስብ ይደርሳል። በዚያው ጊዜ በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለው ሎከስ ሴሩሌየስ የተባለ ክፍል ኖርአድሬናሊን መልቀቅ ይጀምራል። የዚህ ክፍል ትንሽነት ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች መካከል የእርሱ ድርሻ በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ቅርንጫፎቹ ግን ከሞላ ጎደል ወደ ሁሉም የአንጎል ክፍሎች ስለሚዘረጉ፣ እርሱ ሲነቃ ሌላውም ይነቃል።

ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎችም በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ የሚደልቀውና መዳፍ የሚያልበው ያኔ ነው። እዚህ ላይ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ያነጋገረ አንድ እንቆቅልሽ አለ። አድሬናሊን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን መከላከያ በቀላሉ አያልፍም፤ ይሁን እንጂ በእንስሳት ላይ ከትምህርት በኋላ ሲወጋ ትዝታን ያጠነክራል። ነገሩ የተፈታው ከደረትና ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ግንድ ወሬ የሚያደርሰው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲጠና ነው። አድሬናሊን ይህን ነርቭ ያነቃቃዋል፤ ነርቩ በበኩሉ ሎከስ ሴሩሌየስን ይቀሰቅሳል፤ በመጨረሻም አሚግዳላ ውስጥ ኖርአድሬናሊን ይለቀቃል። ኬሚካሉ ራሱ ደጅ ቢቀርም መልእክቱ በነርቭ በኩል ይገባል ማለት ነው።

ኖርአድሬናሊን ከደረሰ በኋላ በሲናፕስ ላይ የሚያደርገው ነገር ጠጋ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። በሴሎች ገጽ ላይ ሆነው ግሉታሜትን ከሚቀበሉት ሞለኪውሎች፣ ማለትም ከተቀባዮቹ መካከል፣ ሁለቱ ለዚህ ጉዳይ ዋነኞቹ ናቸው። አምፓ የተባለው ግሉታሜት እንደነካው ይከፈታል። ኤንኤምዲኤ የተባለው ግን መተላለፊያው በማግኒዝየም ተደፍኖ ይቆያል፤ የሚከፈተውም ግሉታሜት ከመድረሱ በተጨማሪ ተቀባዩ ሴል በበቂ መጠን ተነቃቅቶ ከተገኘ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባና ተጨማሪ የአምፓ ተቀባዮች ወደ ሲናፕሱ እንዲመጡ የሚያደርግ ሰንሰለት ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መገናኛ የሚያልፍ ተመሳሳይ መልእክት የበለጠ ምላሽ ያገኛል። ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ ይህን ዓይነቱን ዘላቂ መጠንከር፣ ሂፖካምፐስ በተባለው አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት የጥንቸሎች የአንጎል ክፍል ላይ ለክተው በ1973 አሳትመዋል (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኖርአድሬናሊን በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ። ቤታ በተባሉት ተቀባዮቹ አማካይነት በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው ሞለኪውል እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይህም የአምፓ ተቀባዮች ወደ ሲናፕሱ እንዲገቡ የሚጠይቀውን ደፍ ዝቅ ያደርጋል። በተረጋጋ ቀን ምንም ምልክት ሳይተው ያልፍ የነበረ ደካማ መልእክት፣ ኖርአድሬናሊን በተለቀቀበት ደቂቃ ዘላቂ ምልክት ሊተው ይችላል። ለውጡ ለወራትና ለዓመታት እንዲዘልቅ ደግሞ ሴሉ አዳዲስ ፕሮቲኖችን መሥራት አለበት፤ ይህ የሰዓታት ሥራ ነው።

ስለ ሰው ልጅ በቀጥታ የሚናገረውና እኔ ዘወትር የምጠቅሰው ጥናት ላሪ ካሂል፣ ጄምስ ማክጎና ባልደረቦቻቸው በ1994 ያሳተሙት ነው። ለተሳታፊዎቹ በ12 ስላይዶች የታጀበ አጭር ታሪክ ይነገራቸዋል፤ እናትና ልጅ አባትየው ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይሄዳሉ። ስላይዶቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ በትረካው ነው። ለአንዱ ቡድን ልጁ በመንገድ ላይ በመኪና ተገጭቶ ለከባድ ቀዶ ሕክምና እንደደረሰ ይነገራል፤ ለሌላው ቡድን ደግሞ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር ያልደረሰበት ጉዞ ሆኖ ይቀርባል። ከታሪኩ አስቀድሞ ገሚሶቹ የኖርአድሬናሊንን ቤታ ተቀባዮች የሚዘጋውን ፕሮፕራኖሎል፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ወስደዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሳይጠብቁት ሲፈተኑ፣ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱት አስደንጋጩን የታሪኩን ክፍል አጉልተው አስታወሱ፤ ፕሮፕራኖሎል የወሰዱት ዘንድ ግን ያ ብልጫ አልታየም። ያልተለመደ ነገር የሌለበትን ታሪክ የሰሙት በሁለቱም ወገን ያን ያህል አልተለያዩም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ሌላ ነው፦ ፕሮፕራኖሎል የወሰዱት ሰዎችም ታሪኩን ሲሰሙ የተሰማቸው ስሜት ከሌሎቹ ያነሰ እንዳልነበር ተናግረዋል። ስሜቱ ነበር፤ የጠፋው ስሜቱ በትዝታ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው።

አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚቀንስ ውጤቱ ከሰውነት የመጣ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በ1998 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል፤ እንደ ፕሮፕራኖሎል ቤታ ተቀባዮችን የሚዘጋ፣ ነገር ግን ወደ አንጎል እምብዛም የማይገባው ናዶሎል ሲሰጥ የትዝታው ብልጫ እንዳለ ቀረ። ጉዳዩ አንጎል ውስጥ ካሉት ተቀባዮች ጋር የተያያዘ መሆኑን ይህ ያመለክታል። በሁለቱም ጎን አሚግዳላቸው በሕመም የተጎዳ ሰዎችም ይኸው ዓይነት ታሪክ ሲነገራቸው፣ አስደንጋጩ ክፍል ከሌላው ክፍል ይበልጥ አይታወሳቸውም።

ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ወሳኝ ነው። ጆርጅ ሙለርና አልፎንስ ፒልዘከር አዲስ የተማርነው ነገር ወዲያው እንደማይጸና፣ ለተወሰነ ጊዜ በቀላሉ የሚበላሽ ሆኖ እንደሚቆይ በ1900 ጽፈዋል። ማክጎና ሌሎች ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ እንዳሳዩት፣ ትዝታን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች ትምህርቱ እንዳበቃ ሲሰጡ ይሠራሉ፤ ከሰዓታት በኋላ ሲሰጡ ግን ኃይላቸውን ያጣሉ። በሰዎች ላይም ካሂልና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች ሥዕሎችን ካዩ በኋላ እጃቸውን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ ተደርጓል፤ ከሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተና ስሜት ቀስቃሾቹን ሥዕሎች እንዲህ ካልተደረጉት ተሳታፊዎች በተሻለ አስታውሰዋል፤ ተራዎቹን ሥዕሎች በተመለከተ ግን ጥቅም አላገኙም። ጭንቀቱ የመጣው ሥዕሎቹ ከታዩ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በእርስዎም ሁኔታ ከግጭቱ በኋላ በመንገዱ ዳር የተቀመጡበት፣ እርዳታ የጠበቁበትና እጅዎ ይንቀጠቀጥ የነበረበት ጊዜ ቀደም ብሎ የተመዘገበውን እያጸና ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮርቲሶልም ይደርሳል። ከአድሬናሊን በተለየ ወደ አንጎል በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ነው፤ በደምና በምራቅ ውስጥ ከፍተኛው መጠኑ ላይ የሚደርሰው ጭንቀቱ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። ቤኖ ሩዘንዳልና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ኮርቲሶልን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ትዝታን የሚያጸኑት አሚግዳላ ውስጥ ኖርአድሬናሊን ሲኖር ነው፤ ቤታ ተቀባዮቹ ከተዘጉ የሆርሞኑ ጥቅም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ነው ኮርቲሶልን ብቻውን ነጥሎ «የጭንቀት ትዝታ ሆርሞን» ብሎ መጥራት የማይዋጥልኝ። ከዚህም በላይ ይኸው ሆርሞን የተቀመጠ ትዝታን ለማውጣት በሚሞከርበት ሰዓት ሲበዛ እንቅፋት ይሆናል። ዶሚኒክ ደ ኬርቫንና ባልደረቦቹ በ1998 እንደዘገቡት፣ ከፈተና 30 ደቂቃ አስቀድሞ የተደናገጡ አይጦች የሚያውቁትን ቦታ ማግኘት ተስኗቸዋል፤ ድንጋጤው ከፈተናው ሁለት ደቂቃ ወይም አራት ሰዓት ሲቀድም ግን እንዲህ አልሆነም። ለፈተና በሚገባ የተዘጋጀ ተማሪ ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ ሁሉም ነገር የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ጠፋብዎት ሳምንት እንምጣ። ከፊሉ ምክንያት ቀላል ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ ተራ ሳምንት አደጋ ቢኖርም ባይኖርም ይረሳል፤ የተለየ ሆኖ የተሰማዎት ከጎኑ አንድ ጎልቶ የቀረ ቀን ስላለ ነው። የቀረው ምክንያት ግን ከኖርአድሬናሊን ጋር የተያያዘ ነው። ይህ መልእክተኛ ሁሉንም ነገር እኩል አያጎላም። ማራ ማዘርና ባልደረቦቿ ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ግሉታሜት በብዛት በተለቀቀበት፣ ማለትም ትኩረታችን ባረፈበት ነገር ላይ በሚሠሩት ሲናፕሶች ዘንድ ኖርአድሬናሊን ይበልጥ ይጨምራል፤ ደካማ መልእክት በሚያልፍባቸው ዘንድ ግን ይቀንሳል። ጎልቶ የነበረው ይበልጥ ይጎላል፤ ዳር የነበረው ይበልጥ ይደበዝዛል። የጦር መሣሪያ የተደገነባቸው ሰዎች መሣሪያውን በዝርዝር ሲገልጹ የያዘውን ሰው ፊት በሚገባ አለማስታወሳቸው በምስክርነት ጥናት በስፋት የታወቀ ነው። እርስዎም የመስታወቱን ስንጥቅ አስታውሰው ከኋላችሁ የነበረውን መኪና ቀለም ቢረሱ አያስገርምም። ሽታው ጎልቶ የቀረበትም ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ የማሽተት ነርቮች መልእክት ሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የሚያልፉበትን ታላመስ የተባለውን ጣቢያ ሳይጠብቅ በአጭር መንገድ ወደ አሚግዳላ ይደርሳል።

ስለ ሌሎቹ መልእክተኞች ባጭሩ ልናገር። ዶፓሚን በአደጋው ትዝታ ውስጥ ድርሻ ቢኖረውም ይበልጥ የሚታወቀው ባልጠበቅነው መልካም ነገርና በአዲስነት ነው፤ ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ እንዳሳየው የዶፓሚን ሴሎች አብዝተው የሚነቁት ሽልማቱ ከተጠበቀው ሲበልጥ ነው፤ ሂፖካምፐስ ውስጥም የሲናፕስ ለውጥ ለረጅም ጊዜ እንዲዘልቅ ያግዛል። በሕይወት ውስጥ ያልጠበቁት የምሥራች የደረሰበት ቦታና ሰዓት በአእምሮ ተቀርጾ የሚቀረው በከፊል በዚህ ነው። አሴቲልኮሊን በንቃት ሰዓት ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር ለመቀበል የተዘጋጀ እንዲሆን ያደርጋል፤ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ መጠኑ ሲወርድ ደግሞ ቀን የተመዘገበው እየተደጋገመ ለመጽናት ዕድል ያገኛል። ሴሮቶኒን በርካታ ዓይነት ተቀባዮች ያሉት በመሆኑ፣ በፍርሃት ትዝታ ላይ ያለው ተጽዕኖ እንደ ተቀባዩ ዓይነትና እንደ አንጎል ክፍሉ አንዴ ወደ መጨመር፣ አንዴ ወደ መቀነስ ያዘነብላል፤ «የደስታ ኬሚካል» እየተባለ በየቦታው መጠራቱ ለአንባቢ ከመጥቀም ይልቅ የሚያሳስት ይመስለኛል። ጋባን በተመለከተ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፦ የጋባን ኃይል የሚጨምሩት እንደ ዳያዚፓም ያሉት ማረጋጊያዎች ከተወሰዱ በኋላ የሚሆነው ነገር በትዝታ ላይ በሚገባ አይጸናም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ማለትም ከእርስዎና ከእኅትዎ የማን ትዝታ ትክክል እንደሆነ የጠየቁት፣ ከሦስቱ የሚከብደው ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና ውስጥ ሆነው አንድ ዓይነት የኬሚካል ማዕበል አያስተናግዱም። በ2007 የደ ኬርቫን ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ የኖርአድሬናሊንን አንድ ተቀባይ የሚሠራው ኤዲአርኤቱቢ የተባለው ዘረመል አጠር ብሎ የተገኘባቸው ሰዎች ስሜት ቀስቃሽ ሥዕሎችን ከሌሎች አብልጠው አስታውሰዋል፤ ከሩዋንዳው የእርስ በርስ ጦርነት ከተረፉ ስደተኞች መካከልም ይኸው ዓይነት ዘረመል ያላቸው አሰቃቂው ትዝታ ሳይጠሩት እየመጣ የበለጠ ያስቸግራቸው ነበር። በዚህ ላይ ዓይናችሁ ያረፈው በተለያየ ነገር ላይ ነው፤ ኖርአድሬናሊኑ ያጎላውም እየራሳችሁ ያያችሁትን ነው። ሁለታችሁም ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ለተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ አጽንዖት፣ ብዙ ጊዜ ተርካችሁታል።

የትዝታው ጥራት ራሱ ማስረጃ ይሆናል ብለው ካሰቡ ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር በጥር 28 ቀን 1986 በፈነዳች ማግስት ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ ተማሪዎች ወሬውን የት፣ ከማንና እንዴት እንደሰሙ በጽሑፍ እንዲሞሉ አደረጉ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ከእነርሱ 44ቱ ያንኑ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው ጋር የማይገናኝ ታሪክ በሙሉ ልብ ተናገሩ። ክፍል ውስጥ ሆኖ እንደሰማ የጻፈ፣ በኋላ በቴሌቪዥን እንዳየ አድርጎ የሚያስታውስ ነበር። በገዛ እጃቸው የሞሉት ቅጽ ሲቀርብላቸውም የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ጄኒፈር ታላሪኮና ዴቪድ ሩቢን ባካሄዱት ክትትል ደግሞ የጥቃቱ ዕለት ትዝታ በትክክለኛነቱ ከተራ ቀን ትዝታ አልተሻለም፤ የተሻለው ባለቤቶቹ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነትና የምስሉ ጉልህነት ነው። በአንጎል ምስል ጥናትም ስሜት ቀስቃሽ ሥዕልን «በእርግጥ አስታውሳለሁ» ማለት ከአሚግዳላ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ የእርስዎ ትዝታ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ግጭቱን፣ ጥሩምባውንና ሽታውን በትክክል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በዳር ባሉት ዝርዝሮች ላይ ግን እኅትዎን በመተማመንዎ ብቻ ሊረቱ አይችሉም፤ እርሳቸውም እንዲሁ። በዚያው ዕለት የተጻፈ የፖሊስ መዝገብ ወይም የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ ከሁለታችሁም ይበልጥ ታማኝ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ልለይ። በአንትዋን ቤቻራና ባልደረቦቹ የ1995 ጥናት አንድ ቀለም ያለው ስላይድ በታየ ቁጥር የሚያስደነብር ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አሚግዳላው የተጎዳበት ሰው የትኛው ቀለም ጥሩምባ እንደሚያስከትል በትክክል ይናገራል፤ ቀለሙን ሲያይ ግን መዳፉ አያልበውም። ሂፖካምፐሱ የተጎዳበት ሰው ቀለሙን ሲያይ ያልበዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። ክስተቱን ማወቅና ክስተቱን መፍራት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው ማለት ነው። ሕክምና ሊነካው የሚሞክረው ሁለተኛውን ነው።

ካሪም ናደር፣ ግሌን ሻፌና ጆሴፍ ለዱ በ2000 እንዳሳዩት፣ የጸና የፍርሃት ትዝታ እንደገና ሲቀሰቀስ ለጥቂት ሰዓታት እንደ አዲስ የሚበገር ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ በአይጦቹ አሚግዳላ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ ሲደረግ ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። መሬል ኪንትና ባልደረቦቿ በ2009 ይህን በሰዎች ላይ በፕሮፕራኖሎል ሞከሩ፤ ተሳታፊዎቹ የትኛው ሥዕል የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚያስከትል ማወቃቸው ሳይጠፋ፣ ሥዕሉን ሲያዩ ይታይባቸው የነበረው መደንበር ጠፋ። ዜናው በዓለም ሲዛመት «ትዝታን የሚሰርዝ እንክብል» ተባለ፤ ይህ ግን ተሳታፊዎቹ ላይ ከታየው ጋር አይስማማም። ከዚያ ወዲህ ይህን ውጤት ለመድገም የተደረጉ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ሲሳኩ ሌሎቹ አልተሳኩም፤ አደጋው እንደደረሰ ፕሮፕራኖሎል በመስጠት በኋላ የሚመጣውን ሕመም ለመከላከል የተደረጉትም ጥናቶች የሚያስተማምን ጥቅም አላሳዩም። ለአንድ ታካሚ በመደበኛነት ልመክረው የምችልበት ደረጃ ላይ አልደረሰም ብዬ አምናለሁ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ይህን መድኃኒት ከቶ በራሱ ፈቃድ ሊሞክረው አይገባም፤ የመተንፈሻ ቱቦዎችን ሊያጠብ ይችላል።

ከአደጋ በኋላ ለማረጋጋት ተብሎ እንደ ዳያዚፓም ያለ መድኃኒት መስጠትም የሚመከር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የክስተቱን የጭንቀት ምልክቶች ለመቀነስ ለአዋቂዎች እንዳይሰጥ አሳስቧል። ይህ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚመጣው ነገር እንዳይጸና ቢያደርግም ቀድሞ የተመዘገበውን አያወጣም። ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን የተባሉት ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ግን ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣው የጭንቀት ሕመም ፈቃድ አግኝተው በሥራ ላይ ናቸው፤ ትዝታውን ባያጠፉም ጭንቀቱን ያቀልላሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራው፣ ትዝታውን ደጋግሞ በደኅና ቦታ እንዲያነሡት የሚያደርገው የንግግር ሕክምና ነው። በዚህ ሕክምና የቀድሞው የፍርሃት መዝገብ አይፋቅም፤ በላዩ ላይ «አሁን ደኅና ነኝ» የሚል አዲስ ትምህርት ይደራረብበታል፤ ይህ አዲስ ትምህርትም እንደ ማንኛውም ትምህርት በኤንኤምዲኤ ተቀባዮችና በግሉታሜት በኩል የሚያልፍ ነው። ፍርሃቱ አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ በአዲስ ቦታ ወይም ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ መልሶ ብቅ የሚለውም የቀድሞው ስላልተፋቀ ነው።

ከጥያቄዎ የትዝታው ምስል እንደሚመጣብዎት እንጂ ከሥራና ከእንቅልፍ እንደሚያውክዎት አልተረዳሁም። ምስሉ ሳይጠሩት በተደጋጋሚ እየመጣ እንቅልፍዎን የሚነሣ፣ ከመኪና እንዲርቁ የሚያስገድድ ወይም በድምፅ ሁሉ የሚያስደነብርዎት ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ ሦስት ዓመት ማለፉም ሕክምናውን አያስቀረውም። ከመሄድዎ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ትዝታው በመጣ ቁጥር ምን እንደቀሰቀሰው፣ ሽታ ይሁን ድምፅ ወይም ቦታ፣ በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ መልካም ነው፤ ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ዝርዝር ነው።